በአስኮት ቬል የተነገረ መርዶ

ከሜልቦርን ከተመለስኩ ወዲህ የቅሬያችን፣ የዕድራችን ሰዎች ባገኙኝ ቁጥር ያቆሙኛል። "ሰይድ፣ ካንጋሮ አየህ ወይ?" ይሉኛል። አላየሁም። ባሕሩንም ያየሁት በሩቁ ነው። የሄድኩበት ጉዳይ ሌላ፣ ያጋጠመኝም ሌላ ስለሆነ አንድ ጊዜ ጽፌ ልገላገል ብያለሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ ልብስ ሰፊ መሆኔን ታውቃላችሁ። ስፌቱ ቢጣመም እለፉኝ።

የሄድኩት ስለ ልጄ ስለ ዘይነብ ነው። እናቷ ሐዋ ወደ አኼራ የሄደች ጊዜ ልጅቱ እዚያው ሜልቦርን ነበረች። እኔም እንደ ወጋችን እዚያው ፍሌሚንግተን በሚባል ሰፈር ለሚኖሩት ለአገራችን ሰው ለጋሼ ይማም ደወልኩና "ሰው ሰብስባችሁ በማለዳ ንገሩልኝ፣ ብቻዋን እንዳትሰማ" አልኳቸው። እሳቸውም እሺ አሉ። ነገር ግን ከእነሱ በፊት ስልኳ ነገራት። አንድ የሩቅ ዘመድ የሐዋን ፎቶ ለጥፎ "አላህ ይዘንላት" ብሎ ጽፎበት ኖሯል። ዘይነብ ወደ ሥራ ስትሄድ ትራም በሚሉት የከተማ ባቡር ላይ ቆማ አነበበችው። ከዚያም ሥራዋ ገባች፣ ሺፍቷን ጨርሳ ወጣች። ለቅሶ ቤት የተቀመጡት ሰዎች "አንዲት ዘለላ እንባ አላየንባትም" አሉኝ። ለእኔም በየሳምንቱ ስትደውል የጉልበቴን ሕመም ትጠይቃለች፣ የዝናቡን ነገር ትጠይቃለች፣ እናቷ እንዴት እንደሞተች ግን አንድ ቀን አልጠየቀችኝም። ሁለት ክረምት እንዲህ አለፈና ቪዛው ሲገኝ ተነሳሁ።

የመነሻዬ ቀን ከኮምቦልቻ በማለዳው አውቶቡስ ወጣሁ። ሐምሌ ነው፤ ጣርማበር ላይ ጉሙ ወርዶ ሹፌራችን አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ይነዳ ነበር። የሸኙኝ ሰዎች "ታድለሃል፣ ክረምቱን ልታመልጥ ነው" ብለውኝ ነበር። አዲስ አበባ የወንድሜ ልጅ ቤት አደርኩ። የበላሁትን ሁሉ እረሳለሁ፤ የምስር ወጧን ግን አልረሳም፣ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ሁለት አውሮፕላን ሙሉ ሩዝ፣ ደግሞ ሩዝ ነበር። ቀበቶው አልፈታ ብሎኝ ስታገል አጠገቤ የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ ህንዳዊ ጎንበስ ብሎ ፈታልኝ። ከዚያ ወዲያ እስክንወርድ ድረስ እኔን እንደ ታናሽ ወንድሙ ያዘኝ። ውሃ ሲመጣ ለእኔ ይቀበላል፣ ብርድ ልብሱ ሲንሸራተት ያለብሰኛል። አንድ ቃል አልተግባባንም።

ሜልቦርን ስንደርስ ቅቤዬን ወሰዱብኝ። የሐዋ እህት ለዘይነብ ብላ በኮረሪማ ያነጠረችው ቅቤ ነው። ጓንት ያደረገች አንዲት ልጅ እግር ሠራተኛ ጣሳውን ከፈተች፣ አሸተተችው፣ ዓይኗም በራ። ከዚያ ግን ራሷን ነቀነቀችና "ሶሪ" ብላ ወደ መጣያው። ደግሞ ከልቧ ነው ያዘነችው፣ ያስታውቃል። ሶሪ የሚባለውን ቃል መጀመሪያ የሰማሁት በቅቤዬ ነው።

ዘይነብ ከበሩ ላይ ቆማ ነበር። ከስታለች። አቅፌያት ቆምን። "አባዬ፣ ጉልበትህ እንዴት ነው?" አለችኝ። ውጭ ስንወጣ ደግሞ ነፋሱ እንደ ቢላ!

"ይሄ ምንድን ነው?" አልኳት።

"ክረምት ነዋ!"

"እዚህም?"

"እዚህም። አልነገሩህም እንዴ?"

ክረምቱን ሸሽቼ ክረምት ላይ ወደቅኩ። የእኛ ክረምት ግን ሣሩን ያበቅላል፣ ምድሩን ያለመልማል። የእነሱ ዛፉን ራቁቱን ያቆመዋል።

ቤቷ አስኮት ቬል በሚባል ሰፈር ነው፤ የመንግሥት ቤት፣ ቀይ ጡብ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ አሳንሰር የሌለው። ባሏ ከባድ መኪና ስለሚነዳ ያን ሰሞን ሌላ ክልል ነበር። ልጃቸው ሂክማ ዐሥር ዓመቷ ነው። እኔ በአማርኛ እጠይቃታለሁ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፣ ሁለታችንም ሳንናደድ እራት በላን።

በማግሥቱ ጋሼ ይማምን ልንጠይቅ በትራም ወደ ፍሌሚንግተን ሄድን። እንደ ገባሁ "እንደምን አደራችሁ!" አልኩ። በአገራችን መኪና ውስጥ ገብቶ ዝም ማለት ነውር ነው። ማንም አልመለሰልኝም። ዘይነብ ፊቷን በሻርፗ ሸፍና ትስቃለች። አንድ ሽማግሌ ብቻ ባርኔጣውን አነሳልኝ፤ አላህ ያክብረው።

ጋሼ ይማም የወረኢሉ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ ዘሀራ ገንፎ በማር አቀረቡልን፤ ቅቤው የሱቅ ነው። "ቅቤ ወሰዱብዎ አሉ፣ አባ ሰይድ?" ብለው ከንፈራቸውን መጠጡልኝ፤ ጣሳዬ እዚያ ሰፈር ሁሉ ተወርቶ ኖሯል። ጋሼ ይማም ደግሞ ከመቀመጣቸው "ስለ ዘይነብ አፍሬብዎታለሁ። ካፖርቴን ለብሼ ልነግራት ስወጣ ነው ቀድማ ማወቋን የሰማሁት" አሉኝ። እኔም "ስልክ ፈረስ አይጠብቅም፣ ይተዉት" አልኳቸው። ዘይነብ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

እንግዲህ የጉዞዬ ነገር የሚጀምረው በሦስተኛው ቀን ነው።

ከዘይነብ ቤት ፊት ለፊት፣ እዚያው ደረጃ ላይ፣ ሄሌና የሚባሉ የፖላንድ ሴት ይኖራሉ። ሰማንያን አልፈዋል። ዘይነብ ማታ ማታ ሾርባ ታደርስላቸዋለች፤ እሳቸው ለሂክማ ካልሲ ይሠሩላታል። አንድ ጊዜ ታመው ሆስፒታል ከተኙ ወዲህ እንግሊዝኛው ከራሳቸው ወጥቶ ጠፍቷል። አእምሯቸው ደህና ነው፣ ሁሉን ያውቃሉ፤ የቀራቸው ግን የልጅነት ቋንቋቸው ብቻ ነው። አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ ኤቫ ትባላለች፤ ሜድስቶን የሚባል ሌላ ሰፈር ነው የምትኖረው።

ያን ቀን ማታ ኤቫ የዘይነብን በር አንኳኩታ ገባችና ገና ሳትቀመጥ ማልቀስ ጀመረች። ዘይነብ እየተረጎመች ነገረችኝ። የሄሌና ወንድም ስታሼክ ፖላንድ ገጠር ውስጥ ሞቷል። ለሄሌና ከእናት ከአባታቸው ልጆች የቀራቸው እሱ ብቻ ነበር፤ እሑድ እሑድ በስልክ ይጫወታሉ። ሦስት እሑድ አለፈ። ኤቫ "ስልኩ ተበላሽቷል" እያለች ነው። እናቷ ግን እሑድ በመጣ ቁጥር ፀጉራቸውን አበጥረው ስልኩ አጠገብ ይቀመጣሉ።

"ለምን አልነገርሻቸውም?" አልኩ።

"ቃል የለኝም" አለች ኤቫ።

እንዴት ቃል የለሽም ብዬ ገረመኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ኤቫ ተወልዳ ያደገችው ሜልቦርን ነው። ፖላንድኛዋ የወጥ ቤት ነው፤ እጅሽን ታጠቢ፣ ሾርባሽን ጨርሺ፣ ጫማሽን አውልቂ። አባቷ ጨቅላ ሳለች ስለሞተ፣ በዚያ አገርም የሚቀበር ዘመድ ስላልነበራቸው፣ የሞትን ቃል በእናቷ ቋንቋ አልሰማችም። በእንግሊዝኛ ሁሉንም ታውቀዋለች።

"እንግሊዞቹ ምን ይላሉ?" አልኳት፣ እንድትረጋጋም ብዬ።

"ዳይድ፣ ሞተ እንላለን። ሲያስፈራን ፓስድ አዌይ፣ አለፈ ማለት ነው። ደግሞ አጣነው፣ ጠፋብን እንላለን።"

"ከጠፋማ ይፈለጋል" አልኳት። ዘይነብ ስትተረጉምላት ኤቫ እንባዋን እየጠረገች ሳቀች።

የፖላንዱን ቃል ከአክስቷ... ይቅርታ፣ ከአጎቷ ልጅ በስልክ ጠይቃለች፤ የስታሼክ ልጅ ናት። ብዙ ነው አለችኝ። ኡማርው የሚባለው ሞተ ነው። ዝማርው ደግሞ ግድግዳ ላይ በሚለጠፍ ማስታወቂያ የሚጻፍ፣ ክብር ያለው። ኦቸድው ሄደ እንደ ማለት ነው። ለውሻና ለከብት ብቻ የሚሆን አንድ ሌላ ቃል አለ፤ ኤቫ እሱ በአፏ እንዳይመጣባት ሌሊት በሕልሟ ሁሉ ትፈራለች።

"በእኛም በሬ ሞተ እንጂ አረፈ አይባልም" አልኳት። "ለሰው አረፈ፣ አለፈ፣ ወደ አኼራ ሄደ ነው። ፖላንዶቹ ራሳቸው መርዶ ሲያረዱ የትኛውን ነው የሚሉት?"

"ኜ ዥዬ።"

"ትርጉሙ?"

"የለም። በሕይወት የለም።"

በልቤ መዘንኩት። ደህና ቃል ነው። የውሸት ተስፋ አይሰጥም፣ ግን አያቆስልም።

"የአጎቴ ልጅ በስልክ እኔ ልንገራቸው ብላኛለች፤ እንደኔ አትንተባተብም" አለች ኤቫ።

ያን ጊዜ ዘይነብ ብድግ አለች። ልጄን እንደዚያ ሆና አይቻት አላውቅም። በእንግሊዝኛ የተናገረችውን ባልሰማም ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥ ድምፁ ተሰማኝ። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ "በስልክ አይሆንም አልኳት። አባዬ፣ አንተ ስንቱን አርድተሃል። እንደ አገራችን ይነገራቸው" አለችኝ።

ዕድሜዬን ሙሉ የቅሬ ሰው ሆኜ መርዶ ስነግር ኖሬያለሁ። ወጉን ነገርኳቸው። ማታ አይነገርም፤ ሰውየው ሌሊቱን ተኝቶ ይደር፣ ማልቀሻው ቀን ይሁንለት። ብቻውን አይነገርም። ቆሞ አይነገርም። ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው በማለዳ ደጁ ላይ ይቆማሉ፤ በሩን የከፈተ ሰው ያን ሲያይ ሁሉን ያውቀዋል፣ ቃሉም ብዙ አያስፈልግም። ኤቫ ይህን ስትሰማ ፊቷ በራ። ቃሉ ባያስፈልግ ደስ ይላት ነበር። "ቅዳሜ ኦፍ ነኝ፣ ሥራ አልገባም" አለች ዘይነብ። ለጋሼ ይማም ደወለችላቸው፤ አርብን በዝግጅት ዋልን።

ቅዳሜ ከሱብሒ ሶላት በኋላ፣ ገና ድንግዝግዝ እያለ፣ ጋሼ ይማምና እትዬ ዘሀራ መጡ። እኔ ጋቢዬን ደረብኩ። እትዬ ዘሀራ ነጠላቸውን አጣፉ። ዘይነብና ኤቫ ከኋላችን ቆሙ። በሩን አንኳኳሁ።

ሄሌና ከፈቱ። ተራ በተራ አዩን። ፊታቸው እንደ ፀሐይ በራ! እጃቸውን አጨበጨቡና አንድ ነገር ተናገሩ፤ ኤቫ ከኋላዬ በደከመ ድምፅ ስትተረጉም፣ ዘይነብ "እንግዳ! በዚህ ማለዳ እንግዳ! ነው የሚሉት" አለችኝ።

አይ የኔ ነገር! የአገሬ ምልክት ለአገሬ ሰው መሆኑን እንዴት ረሳሁት? ለእሳቸው ጋቢ ለብሶ ደጅ የቆመ ሰው ደህና ልብሱን ለብሶ ሊጠይቃቸው የመጣ ጎረቤት ነው። ጎትተው አስገቡን። ጓዳ ገብተው አበባ ያለበት ቀሚስ ለብሰው ተመለሱ። ሻይ ተጣደ። ጥቁር ጥቃቅን ፍሬ ያለበት ኬክ ተቆረሰ። አራታችን ሶፋው ላይ ተደርድረን ኬክ በእጃችን ይዘን ተቀመጥን። እትዬ ዘሀራ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው "መጠጥ የለበትም ይሆን?" አሉኝ።

"ዛሬ እንኳ ይብሉት እንጂ" አሏቸው ጋሼ ይማም። "ሴትዮዋን ለማርዳት መጥተን ቁርሳቸውን ጨረስን።"

ሄሌና አሁንም አሁንም ይቆርሱልናል። "እንዲህ ደስ ብሏቸው አይቼ አላውቅም" ትላለች ኤቫ። ሁለት ጊዜ ተነስታ ወጥ ቤት ገባች፣ ሁለት ጊዜ ዓይኗ ቀልቶ ወጣች። በሦስተኛው ልትነሳ ስትል በዘይነብ አስተረጎምኩና፣ "ልጄ፣ አጠገባቸው ተቀመጪ። እጃቸውን ያዢ። አንዴ ብቻ ተናገሪው፣ ከዚያ የእኛ ሥራ ነው" አልኳት።

ተቀመጠች። እጃቸውን ያዘች።

"ማሞ" አለች። እማማ ማለት ነው። "ስታሼክ ኜ ዥዬ።"

ሄሌና ስኒያቸውን አስቀመጡ። ልጃቸውን አዩ። ከዚያ ጋቢዬን፣ የእትዬ ዘሀራን ነጠላ፣ የጋሼ ይማምን አጎንብሰው መቀመጥ አንድ በአንድ አዩ። ለምን እንደመጣን ያን ጊዜ ገባቸው። ጩኸት አልነበረም። የልጃቸውን እጅ አጥብቀው ያዙ።

የጮኸችው ዘይነብ ናት።

"እማዬ!" አለች። "እማዬን! ወይኔ እናቴን!" ብላ መሬቱ ላይ ተቀመጠች። ሁለት ዓመት የተቋጠረ እንባ እንዴት እንደሚወርድ ምን ብዬ ልጻፍላችሁ? ለቅሶ ቤት ሰው ሁሉ የሚያለቅሰው የራሱን ነው ሲባል እሰማ ነበር፤ በልጄ አየሁት። እትዬ ዘሀራ ደረታቸውን ይመታሉ። ኤቫ ትርጉሙ ሳያስፈልጋት ታለቅሳለች።

ሄሌና ምን ሆነች ብለው ጠየቁ። ኤቫ በዚያው በኜ ዥዬ ነገረቻቸው፤ እናቷ ሞታባት በስልክ ነው የሰማችው አለቻቸው። እሳቸውም በዚያ በደከመ ጉልበታቸው መሬት ላይ ወርደው ከዘይነብ ጎን ተቀመጡ፣ ራሷንም ወደ ትከሻቸው ሳቡት። ያን ጊዜ እሳቸውም አለቀሱ። ወንድማቸውን በፖላንድኛ፣ ልጄ እናቷን በአማርኛ። እኔም ሐዋን አለቀስኳት።

ለቅሶው ጋብ ሲል ሄሌና ተነስተው ፊታቸውን ታጠቡና ለስታሼክ ልጅ ይደወልልኝ አሉ። ስልኩን ጠረጴዛው መሐል አስቀመጡት። ከዚያ መጠየቅ ጀመሩ። እኛ አገር ሐዘንተኛ እንደሚጠይቀው ነው፣ አንድ ነገር አይቀራቸውም። ልጂቱ በፖላንድኛ ትናገራለች፣ ኤቫ የገባትን በእንግሊዝኛ፣ ዘይነብ በአማርኛ። የዚያ የማላውቀው ሰውዬ ሞት በሦስት ቋንቋ ተሻግሮ እኔ ዘንድ ደረሰ። ቼሪ ሲለቅም ነበር። ደከመኝ ብሎ ዛፉ ሥር ተቀመጠ። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ነው የተገኘው። ሄሌና "ባልዲው ሞልቶ ነበር?" ብለው ጠየቁ። ሞልቶ ነበር። "እሱ ሳይሞላ አይቀመጥም" አሉ፣ ፈገግ አሉም።

የአስከሬን ሣጥኑ ላይ ሲደርሱ ኤቫ ቃሉ ስለጠፋት በእንግሊዝኛ ኮፊን አለች። ሄሌና እጇን መታ አድርገው "ትሩምና" አሏት። ኤቫ "ትሩምና" አለች። "ፖግዤፕ" አሏት፤ ቀብር ነው። ደገመችው። "ግሩፕ" አሏት፤ መቃብር። አፏ እስኪቃና ሦስቴ አስደገሟት። የመጨረሻውን ቃል ሲነግሯት ኬኩን በጣታቸው አሳዩን፦ "ስቲፓ።" ከቀብር መልስ ሐዘንተኞች አብረው የሚበሉት ምግብ ነው። ኤቫ በእንግሊዝኛ ብትፈልግ ብትፈልግ አንድ ቃል አጣችለት። እኛ ግን እዝኑ አለን፣ ሰደቃው አለን፣ ወዲያው ገባን። እትዬ ዘሀራም ያን ጊዜ ኬካቸውን ቢስሚላህ ብለው በሉ።

ኤቫ እናቷ እነዚህን ቃላት ለማን ቀብር እንደሚያስጠኗት ገብቷት ነበር። አቀርቅራ ነው የምትደግመው። ሄሌና ግን አልራሩላትም፤ እንደ መምህር አገጯን ቀና አድርገው አስደገሟት።

ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን በራቸው አልተዘጋም። ከፍሌሚንግተን የወሎ ሰው፣ የማያውቃቸው ሁሉ፣ ምግብ ይዞ እየመጣ ተቀመጠ። ሄሌና ቋንቋችንን ሳያውቁ "አላህ ያጥናዎት" ሲባሉ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ያደርጋሉ። በሥራ ዘይነብን የሚያውቋት ሰዎችም መጡ፤ በሩ ላይ ሆነው "ሶሪ" ይላሉ። ለቅቤም ሶሪ፣ ለሞትም ሶሪ፤ ቃሉ አንድ ይሁን እንጂ ልባቸው መልካም ነው። እሑዱን ሄሌና ፀጉራቸውን አበጥረው እንደ ልማዳቸው ስልኩ አጠገብ ተቀመጡ። የወንድማቸው ልጅ ደወለችላቸው።

የቀረውን ጊዜዬን በሰላም አሳለፍኩ። የሂክማን የትምህርት ቤት ሱሪ አሳጠርኩ፣ የሄሌናን መጋረጃ ሰፋሁ። መመለሻዬ ሲደርስ ሄሌና ደረጃውን ወርደው ሸኙኝ፤ ለብርዱ ብለው ካልሲ ሠርተውልኝ ነበር።

አየር ማረፊያው በጊዜ ደረስን። ዘይነብ ሻንጣዬን አስረክባ መጣችና ወንበር ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። ሰዉ ይተራመሳል። ከዚያ እጄን ያዘችኝ።

"አባዬ።"

"አቤት።"

"እማዬን ከመጀመሪያው ንገረኝ።"

ነገርኳት። ያመማት ጠዋት ለዶሮዎቹ በቆሎ በትና መግባቷን፣ "ትንሽ ጋደም ልበል" ማለቷን ነገርኳት። ሐኪም ቤት ስንሄድ የጎረቤቱ ልጅ በባጃጁ ቀስ እያለ እንደነዳልን፣ እሷም ጉድጓድ ባገኘን ቁጥር ለእኔ ጉልበት መጨነቋን ነገርኳት። የዘይነብን ስም ስንት ጊዜ እንደጠራች፣ ማን አጠበ፣ ማን ከፈነ፣ ዝናቡ እንዴት ለቀብሩ ቆመልን፣ ሁሉንም። በየመሐሉ ትጠይቀኛለች። የትኛዋ ዶሮ ትለኛለች። አንዳንዱን እየሳቀች፣ አንዳንዱን እያለቀሰች ሰማችኝ። ስጨርስ ራሷን ትከሻዬ ላይ አደረገች።

"አባዬ፣ እማዬ አሁን ገና ሞተች" አለችኝ።

አረፈች በይ አላልኳትም።